ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም፤ ታዲያ ሰበቃው ስንት ነው?

መነሻ ጥያቄ

ከዚህ በታች መልስ በመልስ የማሳጥረውን የውይይት ክር የከፈቱት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን የሚያስጠኑ መምህር ናቸው። ያቀረቡት ጥያቄ አጭር ነው። 20 ኪሎ ግራም የሆነ ሣጥን ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ የስታቲክ ሰበቃው (ሣጥኑ ቆሞ ሳለ ያለው) ኮኢፊሸንት፣ ማለትም ሰበቃን ለማስላት የሚባዛው ቁጥር፣ 0.5፣ የካይኔቲኩ (ሲንሸራተት ያለው) 0.4 ነው። አንድ ሰው በ60 ኒውተን በአግድም ይገፋዋል፤ ሣጥኑ ግን ንቅንቅ አይልም። የስበት ሽምጠጣ (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ተብሎ ቢያዝ፣ ወለሉ ሣጥኑን የሚይዝበት ሰበቃ ስንት ነው? መምህሩ እንዳሉት አብዛኛው ተማሪ 0.5ን ከሣጥኑ ክብደት፣ ከ200 ኒውተን (20 በ10) ጋር አባዝቶ 100 ኒውተን ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው መልስ 60 ነው፤ እሱን መምህሩ አልሳቱትም። ምክንያቱን ሲያስቀምጡ ግን ሣጥኑ የቆመው በኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው፣ ለ60 ኒውተኑ ግፊያ እኩልና ተቃራኒ አጸፋ ስላለው ነው አሉ። ይህን ለልጆች በቀላሉ እንዴት ላስረዳ ሲሉም ጠየቁ። ከታች የመጣው ክርክር ሁሉ የተወለደው ከዚህች ምክንያት ነው። መልሱን አግኝቶ ምክንያቱን የሳተ ተማሪ፣ ቁጥሮቹ ትንሽ ሲቀየሩበት መያዣ መጨበጫ ያጣል።

1ኛ መልስ

ምክንያቱን ገና አልነካም። መምህሩን እርስዎ እያለ አመስግኖ፣ 100 ብሎ የጻፈውን ተማሪ ከመገሠጽ ይልቅ መልሱን እስከ መጨረሻው ተከትሎ እንዲሄድ ማድረግ ይሻላል አለ። ሰበቃው 100 ከሆነ ወደፊት 60፣ ወደኋላ 100 አለ፤ ስለዚህ 40 ኒውተን ወደኋላ ይተርፋል። 40 ለ20 ሲካፈል 2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። እንግዲያው ሣጥኑ የሚገፋው ሰው ላይ እየፈጠነ መምጣት ነበረበት ማለት ነው! ተማሪው ይህን ራሱ አስልቶ ሲደርስበት 100ን ያለ ማንም ጉትጎታ ይሰርዛል።

ቀጥሎ ግፊያው ቀስ በቀስ ሲጨምር ሰበቃው ምን እንደሚሆን ዘረዘረ። ማንም ካልገፋ ሰበቃው 0 ነው። በ30 ሲገፉት 30፣ በ60 ሲገፉት 60 ይሆናል። 100 ላይ ሣጥኑ አፋፍ ላይ ነው። 120 ሲደርስ ሣጥኑ ይነሣል፤ ያኔ ሰበቃው ማደጉን ትቶ ወደ 80 ይወርዳል፣ የተረፈው 40 ኒውተን ሣጥኑን በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያስፈጥነዋል። ኮኢፊሸንቱ በ200 ሲባዛ የሚገኘው 100 ጣሪያው ብቻ ነው። ከጣሪያው በታች ሳለ ሰበቃ ልክ የተጠየቀውን ያህል ይሰጣል።

2ኛ መልስ

ዋናውን እርማት ያመጣው ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። በሦስተኛው ሕግ የሚጣመሩ ሁለት ኃይሎች መቼም አንድ አካል ላይ አያርፉም አለ። እጅ ሣጥኑን በ60 ሲገፋ፣ ጥንዱ ሣጥኑ እጁን በ60 መግፋቱ ነው። ወለሉ ሣጥኑን ወደኋላ ሲይዝ፣ ጥንዱ ሣጥኑ ወለሉን ወደፊት መጎተቱ ነው። እጁና ሰበቃው ግን ሁለቱም የሚያርፉት ሣጥኑ ላይ ነው፤ እኩል የሆኑትም ሣጥኑ ስላልፈጠነ፣ ማለትም በአንደኛውና በሁለተኛው ሕግ (የኃይሎች ድምር 0 ሲሆን ፍጥነት አይለወጥም) ነው።

መፈተኛም ሰጠ። ኃይሉን ማን ማንን ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያ ባለቤቱንና ተሳቢውን ማቀያየር። ምድር ሣጥኑን ትስባለች ያለ ሰው ሲያቀያይረው ሣጥኑ ምድርን ይስባል ይላል፤ ጥንዱ ያ ነው፣ እሱም 200 ኒውተን ነው። የወለሉ ወደላይ መግፋት በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የክብደት ጥንድ አይደለም። አማርኛ ተሳቢውን በን ምልክት ስለሚለይ ይህ ፈተና ለልጆቻችን ቀላል ነው፤ ሰሌዳ ላይ ቢሞከር ጥሩ ነው እላለሁ።

ማስረገጫው ደግሞ ከ1ኛው መልስ የተወሰደ ነው። ግፊያው 120 ሲሆን ሰበቃው 80 ነው፤ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ ሦስተኛው ሕግ እዚያው ላይ በፈረሰ ነበር።

3ኛ እና 4ኛ መልስ

መምህሩ ተመልሰው እርማቱን ተቀበሉ። ግን ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ክብደትና የጠረጴዛው ኖርማል ፎርስ (ጠረጴዛው መጽሐፉን ወደላይ የሚገፋበት ኃይል) ድርጊትና አጸፋ ተብለው ሲሰጡ የኖሩ ናቸው፣ እነሱስ ብለው አከሉ። 4ኛው መልስ መጽሐፉን ትቶ ሊፍት ውስጥ ገባ። 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል እንበል። ሊፍቱ ሲቆም 600 ኒውተን ይነበባል። ወደላይ በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲፈጥን 60 በ12 ተባዝቶ 720 ይሆናል። ወደታች በ2 ሲፈጥን 480። ሊፍቱ ያለ ምንም መያዣ ቢወድቅ 0። በአራቱም ጊዜ ምድር ሰውየውን የምትስበው በዚያው በ600 ነው። አንዱ 600 ላይ ቆሞ ሌላው ከ0 እስከ 720 የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ጥንድ ሊሆኑ አይችሉም። በቆመ ጠረጴዛ ላይ እኩል የሆኑት መጽሐፉ ስላልፈጠነ ብቻ ነው።

ተማሪ የት እንደሚሳሳትም ጨመረ። ሊፍቱ ወደላይ እየሄደ ሊቆም ሲል ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሽምጠጣው ወደታች ነውና ንባቡ 480 እንጂ 720 አይደለም። ወዴት እየሄደ ነው ብሎ የሚጀምር ተማሪ እዚህ ይወድቃል። መጠየቅ ያለበት ፍጥነቱ ወዴት እየተለወጠ ነው የሚለው ነው። ወደላይ ሳይፈጥን ሳይዘገይ በወጥ ፍጥነት ሲሄድ ደግሞ ንባቡ 600 ብቻ ነው።

5ኛ መልስ

ለዛው እዚህ ጀመረ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይዞ ፈጽሞ አይሆንም አለ። ወደላይ የሚወጣ ነገር ከክብደቱ የሚበልጥ ኃይል ካልጎተተው በምን ይወጣል? ሣጥንም ሲገፉት ይሄዳል፣ እጅ ሲነሣ ይቆማል፤ ይህን ያላየ የለም፣ ስለዚህ ኃይሎች ተመጣጠኑ ማለት ቆመ ማለት ነው ሲል ደመደመ።

ይህን ሐሳብ ማናናቅ ተገቢ አይደለም። አሪስቶትል የተናገረው፣ ከእሱም በኋላ የሰው ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ያመነበት ነው። ጋሊሊዮ ኳስ በዘንባላ ሰሌዳ ላይ እያንከባለለ እስኪጠይቀውና ኒውተን በ1687 ሕጎቹን እስኪያሳትም ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ካልጣለው ሊገርመን አይገባም።

6ኛ መልስ

ለ5ኛው በቁጥር መለሰለት። ያው ሣጥን በ2 ሜትር በሰከንድ እየተንሸራተተ ሳለ በ80 ኒውተን ቢገፋ፣ ሰበቃው 80 ስለሆነ ምንም አይተርፍም፤ ሣጥኑ በዚያው በ2 ሜትር በሰከንድ ይቀጥላል። እጁ ሲነሣ 80 ኒውተን ሰበቃ ብቻውን ይቀራል። 80 ለ20፣ 4 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው የሚቀንሰው። 2 ለ4 ሲካፈል ግማሽ ሰከንድ፤ እስኪቆም የሚሄደውም ግማሽ ሜትር ብቻ። ዓይን ግማሽ ሰከንድን እንደ ወዲያውኑ ስለሚቆጥር፣ እጁ ስለተነሣ ቆመ እንላለን። ያቆመው ግን ሰበቃው ነው። ወለሉ እንደ በረዶ ለስልሶ ኮኢፊሸንቱ 0.02 ቢሆን ሰበቃው 4 ኒውተን፣ መቀነሱ 0.2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል፤ ያው ሣጥን ያለ ማንም እጅ 10 ሰከንድ ተጉዞ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል።

ስለ ሊፍቱም ሲመልስ፣ ከክብደቱ የሚበልጥ ኃይል ያስፈለገው ለመነሣት ነበር፣ ከተነሣ በኋላ እኩሉ ይበቃዋል አለ። ይህን ተከትሎ በ7ኛው ላይ አንድ ሰው ታክሲ ፍሬን ሲይዝ ወደፊት የሚወረውረን ኃይል ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። እዚያው በሁለት መስመር ተመለሰለት፦ ወደፊት የሚወረውር ኃይል የለም፤ ወለሉ እግራችንን ወደኋላ ሲይዘው ከወገብ በላይ ያለው ሰውነታችን በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል።

8ኛ መልስ

እስከዚህ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ቆይቶ ነበር። 8ኛው ግን መምህሩን አንተ ብሎ ጀመረ። ሦስተኛውን ሕግ ያልለየ ሰው ልጆች ፊት መቆም የለበትም፣ ይህ ሁሉ ሐተታም አያስፈልግም አለ። ተማሪ ማንኛውንም ጥያቄ ሲያይ መጀመሪያ ኖርማል ፎርሱ ከክብደቱ እኩል ነው ብሎ ይጻፍ፣ ቀጥሎ በኮኢፊሸንቱ ያባዛ፣ በቃ።

ይህ አነጋገር ያስከፋል። ስህተቱን አደባባይ አውጥቶ የጠየቀ መምህር መከበር ይገባዋል፤ ክፍሉን ዘግቶ የሚሳሳተው ነው የሚያሳዝነው። ከአነጋገሩ የከፋው ግን የሰጠው ደንብ ነው።

9ኛ መልስ

ደንቡን በዚያው ሣጥን አፈረሰው። ሣጥኑ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ከአግድም 30 ዲግሪ ወደላይ አዘንብሎ በ100 ኒውተን ይጎተት። የገመዱ ወደላይ ድርሻ 50፣ ወደፊት ድርሻው 86.6 ኒውተን ነው። ወለሉ የሚሸከመው 200 ሳይሆን 150 ብቻ ሆነ፤ የሰበቃው ጣሪያ 75 ነው። 86.6 ከ75 ይበልጣል፣ ሣጥኑ ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ሰበቃው 60 ነው፤ 26.6 ኒውተን ይተርፋል፣ ሽምጠጣው 1.33 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው።

አሁን ያንኑ 100 ኒውተን በዚያው 30 ዲግሪ ከላይ ወደታች ይግፉት። ወለሉ 250 ይሸከማል፤ ጣሪያው 125 ይሆናል። 86.6 ጣሪያውን አይደርስበትም፣ ሣጥኑ አይነሣም፣ ሰበቃውም ልክ 86.6 ነው። በተመሳሳይ ጉልበት ጎትቶ የሄደለት ሰው ገፍቶ አይሄድለትም። በ8ኛው ደንብ የሠራ ተማሪ በሁለቱም ጣሪያውን 100 ብሎ ሣጥኑ ቆሟል ይላል፤ አንዱን በአጋጣሚ ያገኛል፣ አንዱን ይስታል። ኖርማል ፎርስ ቀመር የለውም፤ በቀጥታ የሚወጡና የሚወርዱትን ኃይሎች አመጣጥኖ ነው የሚገኘው።

10ኛው መልስ ያው የ8ኛው ጸሐፊ ነው። የ9ኛ ክፍል ልጅ ሳይንና ኮሳይን መቼ ጠነቀቀና ብሎ ተቆጣ፤ ስለ ደንቡ ግን አንድም ቃል አልመለሰም። ለቁጣው የተሰጠው ምላሽ ግሩም ነው። ማስመሪያና ፕሮትራክተር ይበቃሉ። 1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ኒውተን ተብሎ፣ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር በ30 ዲግሪ ይሰመራል፤ ከጫፉ ወደ አግድሙ መስመር ቀጥ ተብሎ ሲወረድ ቁመቱ 5፣ አግድሙ 8.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለካል። ጥርት ባለ እርሳስ የተሰመረ ሥዕል ስህተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

11ኛ እና 12ኛ መልስ

እዚህ ነገሩ ወደ ቃላት ዞረ። አንዱ በአማርኛ ፎርስን ኃይል ስንል የመብራትም ኃይል አለ፣ ጉልበት ስንል ደግሞ ኢነርጂ ይመጣል፤ ልጁ በየመጽሐፉ ሌላ ቃል ያገኛል አለ። ሌላው ግፊት የሚለውን ለፕሬዠር ትተን ለመግፋቱ ግፊያ ብንል ጥሩ ነው ሲል አከለ፤ እኔም እዚህ ያንን ተከትያለሁ። ከሁሉ የሚያሳስተው ክብደት ነው። ገበያ ላይ ክብደት በኪሎ ነው፤ ፊዚክስ ውስጥ ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ ነው፣ ክብደት ኃይል ስለሆነ በኒውተን ይለካል። ስሌቱ ውስጥ 200 መግባት ሲገባው 20 የሚያስገቡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ያልገባቸው ፊዚክሱ ሳይሆን ቃሉ ነው።

12ኛው የስበት ሽምጠጣው 10 ወይስ 9.8 ይያዝ ብሎ ጠየቀ። የተመለሰለት፣ ጥያቄው የሰጠውን መያዝ፣ አንዴ የያዙትን እስከ መጨረሻ አለመቀየር ነው። በ9.8 ከተሠራ ክብደቱ 196፣ ጣሪያው 98፣ የሚንሸራተት ሲሆን ሰበቃው 78.4 ነው። ክብደቱን በ10፣ የቀረውን በ9.8 የሠራ ልጅ ከምርጫዎቹ አንዱንም አያገኝም። አዲስ አበባ ላይ እውነተኛው 9.78 ገደማ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለችና ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ።

13ኛ መልስ

ወደ ጉዳዩ የመለሰው ይህ ነው። በሁለት ምሰሶዎች መካከል በታሰረ ገመድ መሐል 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ክብደቱ 200 ኒውተን ነው። ተማሪው ሁለት ገመድ ስላለ ለሁለት አካፍሎ 100፣ 100 ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው ሁለቱም ገመዶች ቀጥ ብለው ወደላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ከሆነ በእያንዳንዱ ያለው ውጥረት 200 ነው። 10 ዲግሪ ሲሆን 576። 5 ዲግሪ ሲሆን 1,147 ኒውተን። እያንዳንዱ ገመድ ወደላይ ማዋጣት ያለበት 100 ነው፤ እየተኛ በሄደ ቁጥር ያችን 100 ለማዋጣት አብዛኛውን ጉልበቱን በአግድም ያባክናል፣ ሁለቱ አግድሞች ደግሞ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ፍጹም አግድም ከሆነ ወደላይ የሚያዋጣው ስለሌለው፣ የቱንም ያህል ቢወጥሩት ጀሪካኑን አይሸከምም። የልብስ ማስጫ ገመድ በጣም ሲወጠር በአንድ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚበጠሰው ለዚህ ነው። ጀሪካን ለሁለት የሚይዙ ሰዎችም ተጠጋግተው ሲሄዱ የሚቀላቸው፣ ተራርቀው ሲይዙት ክንዳቸው የሚዝለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ14ኛ እስከ 17ኛ መልስ

የስፕሪንግ ሚዛን እንቆቅልሽ መጣ። ሚዛኑ በአግድም ተዘርግቶ በሁለቱም ጫፍ ገመድ አለው፤ ገመዶቹ በመዘውር ላይ አልፈው እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ግራም ተሸክመዋል። ስንት ኒውተን ይነበባል? አንዱ 100 አለ፣ አንዱ ስለሚጣፉ 0 አለ፤ እርስ በርስም በጣም ተነካኩ። ልክ የሆነው 50 ነው። 16ኛው ክርክሩን ያበረደው አንዱን 5 ኪሎ አንሥቶ ያን ጫፍ ግድግዳ ላይ በማሰር ነው። አሁን 50 እንደሚነበብ የሚጠራጠር የለም፤ ሚዛኑ ስላልፈጠነ ግን ግድግዳውም በ50 እየጎተተው ነው። ሚዛኑ በዚያ በኩል የሚጎትተው ግድግዳ ይሁን ብረት አያውቅም። 0 ያለው ሰው የሚዛኑን ኔት ፎርስ (የኃይሎቹን ድምር) ነው የተናገረው፤ ሚዛን የሚያነበው ግን በውስጡ የሚያልፈውን ውጥረት ነው።

በመሐል አንድ ሰው ወደላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ 0 ስለሆነ ኃይሎቹ ተመጣጥነዋል አለ። አልተመጣጠኑም፤ እዚያም ላይ የሚያርፍበት ክብደቱ ብቻ ነው፣ ሽምጠጣውም 10 ወደታች ነው። ተመጣጥነው ቢሆን ድንጋዩ አየር ላይ ተሰቅሎ በቀረ ነበር።

18ኛ መልስ

በክሩ ሙሉ ማንም ያላነሣውን ነጥብ ጨመረ። ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ያለ የአንድ ሜትር ማስመሪያ አንዱ ጫፍ በ2 ኒውተን ወደፊት፣ ሌላው ጫፍ በ2 ኒውተን ወደኋላ ቢገፋ ድምሩ 0 ነው፤ ማስመሪያው ግን መሽከርከር ይጀምራል። ኃይሎቹ ተመጣጥነዋል፣ የማሽከርከር አቅማቸው ግን አልተመጣጠነም። ስለዚህ ለ9ኛ ክፍል ሲሰጥ ሣጥኑን እንደ አንድ ነጥብ እንቁጠረው የምትለዋ ሐረግ መቅረት የለባትም።

19ኛ እና 20ኛ መልስ

መምህሩ ጥያቄውን አሻሽለው አመጡት። ስለ 8ኛው አንዳች አላሉም። በአዲሱ ጥያቄ ተማሪው መጀመሪያ ሣጥኑን ብቻ ነጥሎ ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (ሣጥኑ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በቀስት የሚያሳይ ሥዕል) ይሥላል። በእያንዳንዱ ቀስት አጠገብ ማን ማንን እንደሚገፋ ወይም እንደሚስብ ይጽፋል፤ ማን የሚለውን መሙላት ካልቻለ ቀስቱ ይሰረዛል። ከዚያ ነው ግፊያው 60፣ 100፣ 120 ሲሆን ሰበቃውን የሚሠራው፤ በመጨረሻም ለ60 ኒውተኑ ግፊያ የሦስተኛው ሕግ ጥንድ የት ላይ እንደሚያርፍ ይጠየቃል። ከሥሩ የራሳቸውን ሥዕል አያይዘዋል።

20ኛው ሥዕሉን በማስመሪያ ለክቶ መጣ። የ60 ኒውተኑ ቀስት 6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የ200 ኒውተኑ ግን 12፤ በአንድ መለኪያ አልተሠራም፤ ቀስቱን አይቶ ኃይሉን የሚገምት ልጅ ክብደቱ የግፊያው እጥፍ ይመስለዋል ሲል በትሕትና ጠቆመ። መምህሩ በዚያው ምሽት 1 ሴንቲ ሜትር ለ20 ኒውተን አድርገው እንደገና ሣሉት፦ ግፊያውና ሰበቃው 3፣ 3፤ ክብደቱና ኖርማሉ 10፣ 10።